ሰላምታ የመለሰ ሁሉ አልተናገረም

ኮዬ ፈጬ፣ ሊፍት በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ዝሏል፤ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ደረጃውን ወርደው አያውቁም። መውጫ ወረቀታቸው ላይ «ንግግር፦ ደህና» ተብሎ ተጽፏል። ልጃቸውም የምታማርረው ስለ ድምፃቸው ብቻ ነው፤ «አባባ ንግግሩስ ደህና ነው፣ ድምፁ ነው የሰለለብን» ትላለች።

ንግግራቸውን ሊመረምር ቤታቸው የመጣ ሰው በሰላምታ ይጀምራል፦ «እንደምን ዋሉ አባቴ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ቤተሰብ ደህና ነው?» «ይመስገን፣ ደህና ደህና።» «እግርዎ እንዴት ነው፣ ለውጥ አለው?» «ይመስገን።» «ምሳ በሉ?» «ይመስገን። እናንተስ ደህና?» ድምፃቸው ሰለል ይላል፤ ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነው፣ ዜማውም ሁላችንም ያደግንበት የሽማግሌ ሰላምታ ነው። የመጨረሻዎቹ መልሶች ከጥያቄው ጋር እንደማይገጥሙ ማን ያስተውላል? «ምሳ በሉ?» ለተባለ ሰው «ይመስገን» በእኛ አገር በቂ መልስ ነው።

ከዚያ ትሪ ላይ ሲኒ፣ ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ መሀረብና ሳንቲም ተደረደረ። «ቁልፉን ያሳዩኝ» ተባሉ፤ የጠየቃቸው ሰው እጁን አልዘረጋም፣ ዓይኑንም ወደ ቁልፉ አልላከም። ፈገግ ብለው በግራ እጃቸው ማንኪያውን አነሱና «ይመስገን» አሉ። ልጃቸው ሳቀች፤ «ቀልዱን ነው፣ ድሮም እንዲህ ነው» አለች። «ሲኒውን ያሳዩኝ» ሲባሉ መሀረቡን ነኩ። «ሳንቲሙን» ሲባሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው የተናጋሪውን ፊት መፈለግ ጀመሩ፤ ከፊቱ ላይ ፍንጭ የሚለቅሙ ይመስላሉ። ያን ጊዜ ልጅቷ መሳቋን ተወች።

ከአእምሮ አልወጣ ያለው ይህ ነው። ወረቀቱን የሞላው ሰው አልዋሸም፤ ሰላም ብሏቸው መልሰውለታል። ልጅቷም የምትናገረው የሰማችውን ነው። ነገር ግን ሰላምታችን ረጅም ነው፣ መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አንድም ጥያቄ ያልገባው ሰው አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲያወጋን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በአማርኛ የሚደረግ የንግግር ምርመራ መጀመር ያለበት ሰላምታው ካለቀበት ቦታ ይመስለኛል።

በቃል የተያዘውና የሚፈለገው

ስትሮክ ግራውን የአንጎል ክፍል ሲመታ፣ ቋንቋ በአብዛኛው ሰው እዚያ ስለሚገኝ፣ ቃል መፈለግ፣ አረፍተ ነገር መገጣጠም ወይም የሰሙትን መረዳት ይበላሻል። አፌዥያ የሚባለው ይህ ነው። በዕድሜ ልክ ድግግሞሽ የተቀረጸው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ ሰላምታ፣ ምርቃት፣ እርግማን፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ «አባታችን ሆይ» ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ አዛውንት መጽሐፉን ገልጠው መስመር ሳይዘሉ ሲያነበንቡ ቤተሰብ «ማንበቡስ አልጠፋውም» ይላል። ለማረጋገጥ ከዳዊት ውጭ የሆነ አንድ አዲስ አረፍተ ነገር በወረቀት ጽፎ መስጠት ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ሰውዬው ድሮ ያነብ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፊደል ያልቆጠረን ሰው «ማንበብ አቅቶታል» ብሎ መመዝገብ ያሳፍራል።

«ገብቶታል» የሚለውንም የቤተሰብ ምስክርነት እንዲሁ አልቀበልም። ሚስት «እግርህን ዘርጋ» ስትል ጫማውን ይዛ ነው፤ ልጅ «ብላ» ሲል ጉርሻው እጁ ላይ ነው። ቃሉ ባይሰማም ሁኔታው ራሱ ይናገራል። መረዳትን የሚመዝን ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከታማሚው ፊት ሳያነሳ ይጠይቃል። «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ብሎ ጀምሮ እዚያው ማቆምም ያታልላል፤ ዓይን መጨፈንና ምላስ ማውጣት መረዳቱ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ላይ እንኳ ሊተርፉ የሚችሉ ትእዛዞች ናቸው። ዕቃ መለየት ይከተላል፣ ከዚያ «ማንኪያውን ነክተው ቁልፉን ይስጡኝ» የመሰለ ሁለት እርምጃ ያለው ትእዛዝ። ዕቃዎቹ መሀል ላይ ወይም ወደ ግራ ጠጋ ብለው ይቀመጡ፤ ግራ አንጎሉ የተመታ ሰው የቀኝ እይታው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ያላየውን ደግሞ አልገባውም ማለት አይቻልም።

አዎና አይደለም በጥንድ ይጠየቃሉ። «አሁን ቀን ነው?» ካሉ ትንሽ ቆይቶ «አሁን ሌሊት ነው?»፤ «በረዶ ይቀዘቅዛል?» ካሉ «በረዶ ያቃጥላል?»። ለሁሉም አዎ የሚል ሰው ግማሹን ያገኛልና አንዱን ብቻ ጠይቆ ማለፍ ዋጋ የለውም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «እህ» ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ሳይታሰብ የምትወጣ፣ ለጨዋነትም የምትባል ስለሆነች እሷን እንደ መልስ ከመቁጠር በፊት «አይደለም» ማለት እንደሚችሉ በአንድ ጥያቄ ማየት ይሻላል።

ቃሉ፣ ትእዛዙ፣ ጡንቻው፣ ድምፁ

እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ ፓሪስ ውስጥ ያቀረበው ታማሚ የሚባለውን ይሰማ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ1874 ካርል ቨርኒከ የገለጸው ዓይነት በተቃራኒው ነው፤ ንግግሩ ይፈስሳል፣ መረዳቱ ግን ተጎድቷል። የኮዬ ፈጬው አባት ወደ ሁለተኛው ይጠጋሉ። በየሰፈሩ ግን ሁሉም «ምላሱ ተሳሰረ» በሚል አንድ ስም ይጠራል፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ይታሻል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረት ስለ ሌላ ነገር ቢተረትም እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ አገጭና ጉንጭ በለጋ ቅቤ ታሽተው የሚጠብቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ቃሉ መጥፋቱን ለማወቅ ማስወራት ያስፈልጋል። «ቡና እንዴት ይፈላል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሹፌር ለነበረ «ጎማ እንዴት ይቀየራል?»። ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ መስማት። «ያንን ነገር ታደርገውና፣ ያ ነገር ሲሆን ያንን...» እያለ ስም የማይጠራ አለ፤ «ቡና... ቁላ... ውሃ» እያለ በጭንቅ የሚያወጣም አለ። በአማርኛ ግሥ ያለ ቅጥያው አይቆምምና ሰዋስው ሲበላሽ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ መጉደል ሳይሆን መሳት ነው፤ «እኔ ሄደች»፣ «እነሱ በላሁ»። ይህን የሰማ ቤተሰብ አባቱ ያበደ ይመስለዋል። በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል፦ አእምሮው አልሄደም።

ቃሉ እያለ አፍ መንገዱን ሲስት የንግግር አፕራክሲያ ይባላል። «ቁልፍ»፣ «ቁልፋችን»፣ «ቁልፎቻችን»፣ «ቁልፎቻችንን» እያሉ ቃሉን እያረዘሙ ማስደገም፤ ከዚያ አንዱን ቃል ሦስቴ ማስባል። ከንፈርና ምላስ ቦታቸውን በዳበሳ ሲፈልጉ ከታየ፣ ስህተቱም በየድግግሞሹ ከተለዋወጠ፣ ሳይታሰብ የሚወጣው ቃል ደግሞ ከታዘዘው የጠራ ከሆነ፣ ችግሩ ከጡንቻው በላይ ነው።

ጡንቻው ሲደክም ዲስአርትሪያ ነው፤ ሰዎች «ይኮላተፋል» የሚሉት። ስህተቱ ያው ስህተት ነው፣ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት፤ ድካም ሲጨመር ብቻ ይብሳል። «ፓፓፓ»፣ «ታታታ»፣ «ካካካ» በተቻለ ፍጥነት ለ5 ሰከንድ ያስብሉ፤ በስልክ ቀርጾ መቁጠር ይቀላል። ጤነኛ አዋቂ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ይላል፣ ካ ትንሽ ትዘገያለች። ዝግ ያለ ግን እኩል ምት ከላይኛው የነርቭ መንገድ (ከአንጎል ትእዛዝ ከሚያወርደው) ጉዳት ጋር ይሄዳል፤ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘገየት፣ አንዴ ጮክ አንዴ ዝቅ የሚል የሰከረ የሚመስል ምት ሴሬቤለምን፣ ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል፣ ያስጠረጥራል። ዳርሊ፣ አሮንሰንና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1969 ከአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ያወጡት የዲስአርትሪያ አከፋፈል ዛሬም የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጆሮ የሰማው ዓይነት ጉዳቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁማል።

አፍ ውስጥ ማየትም አይቀርም። ጉንጭ አስነፍቶ በጣት ገፋ ሲያደርጉት አየር በየትኛው የከንፈር ጥግ ያመልጣል? ምላስ ሲወጣ ወደ ደከመው ጎን ያዘነብላል። «አ» ሲሉ ላንቃው በሁለቱም በኩል ይነሳል ወይስ እንጥሉ ወደ ጤነኛው ጎን ይጎተታል? ትንሽ መስታወት ከአፍንጫ ሥር ይዞ «ባባባ» ማስባል፤ «ማማማ» ሲባል መስታወቱ ላብ ቢይዝ ትክክል ነው፣ በ«ባ» ከያዘ ግን አየሩ በአፍንጫ እያመለጠ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይደረግ፤ ያለ ጥርሱ የተመዘነ ንግግር የጥርሱን ጉድለት ለስትሮኩ ያሸክማል።

ጠፋና ተፋ

ከውጭ በመጡ የቃላት ዝርዝሮች ውስጥ የማይገኝ፣ እኛ ግን በነፃ ያለን መመዘኛ አለ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ሲነገሩ የድምፅ አውታሮቹ ገጥመው ይዘጋሉ፣ ማንቁርት ከፍ ይላል፣ በአፍ ውስጥ የታመቀው አየር ይፈነዳል። አውታሮቹ ካልገጠሙ ወይም ላንቃው ካፈሰሰ ፍንዳታው ይከስማል። «ጠፋ» እና «ተፋ»፣ «ቀዳ» እና «ከዳ» እያደባለቁ ማስባልና ፊቱን የማያይ ሌላ ሰው የሰማውን እንዲናገር ማድረግ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ «ከዳ ነው ያለው» ካለች፣ የተባለው «ቀዳ» ከነበረ፣ ያ ውጤት ነው፤ መዝግቡት።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። «ልብስ ሰፊ» እና «መንገዱ ሰፊ ነው»፤ «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል»። በጽሑፍ ስለማይለዩ በንባብ አይፈተኑም፤ በአረፍተ ነገር ውስጥ ማስደገም ያስፈልጋል። ምቱ የተዛባ ወይም የዘገየ ንግግር ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አድማጩ ፊደሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ንግግሩ «የባዕድ አገር ሰው» የሚመስለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

የሰለለ ድምፅ

ልጅቷ ያማረረችበት ድምፅም እውነተኛ ችግር ነበር፤ ግን ለብቻው ይመዘናል። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ድምፁ ከስትሮኩ በፊት እንዴት እንደነበር ነው። የድሮ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ወይም የሠርግ ቪዲዮ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። እንቅርት አለ? አንገት ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ያውቃል? ሆስፒታል ሳሉ በጉሮሮ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸው ነበር? እነዚህ ሁሉ ያለ ስትሮክም ድምፅ ያሰልላሉ።

ቀረጻው ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ (ይህን ማስደረግ አንዳንዴ ከምርመራው ይከብዳል)፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ ስልኩ ከአፍ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ያው ርቀት ይጠበቅ። በረጅሙ አየር ስበው «አ» እያሉ እስኪያልቅባቸው ይቆዩ፤ ሦስቴ ተሞክሮ ረጅሙ ይያዛል። ጤነኛ አዋቂ በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ሰከንድ ይቆያል፤ ከ10 በታች ሲሆን ምክንያት መፈለግ አለበት። ከዚያ «ስስስ» በተቻለ መጠን፣ ቀጥሎ «ዝዝዝ»። ስ ትንፋሽ ብቻ ናት፣ ዝ ግን አውታሮቹ ካልተርገበገቡ አትወጣም። ስ 14 ሰከንድ፣ ዝ 8 ሰከንድ ቢሆን ሲካፈል 1.75 ነው፤ 1.4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጣት ወደ አውታሮቹ ይቀሰራል። ሁለቱም እኩል አጥረው 6 እና 6 ከሆኑ ግን ጥፋቱ ከትንፋሹ ነው፤ የደረት ጡንቻ ድክመት ወይም ተጋድሞ መመርመር።

በጆሮ ለመመዘን ጃፓናዊው ሚኖሩ ሂራኖ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው አምስት ነጥብ ይበቃል፦ አጠቃላይ ጉዳት፣ ሻካራነት፣ ትንፋሽ መቀላቀል፣ ድካም፣ መወጠር፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3። ታንቆ የሚወጣ የሚመስል የተወጠረ ድምፅ በሁለቱም የአንጎል ጎን ከደረሰ ጉዳት ጋር ይያያዛል፤ ያለ ምክንያት የሚመጣ ለቅሶና ሳቅም አብሮ ሊኖር ይችላል። ትንፋሽ የበዛበት፣ የሰለለ ድምፅ፣ ሹል ያልሆነ ሳል፣ በመጠጥ መታነቅ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሐሳብ ወደ አንጎል ግንድ፣ አንጎልን ከህብለ ሰረሰር ወደሚያገናኘው ክፍል፣ ይሄዳል። ድምፅ አውታሮችን የሚያዝዘው ማእከል ከሁለቱም የአንጎል ጎን ትእዛዝ ስለሚቀበል የአንድ ወገን ስትሮክ አንዱን አውታር ሙሉ በሙሉ ሽባ ማድረጉ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድምፅ «ይሻለዋል» ተብሎ አይታለፍም፤ ጥቁር አንበሳን ወይም ጳውሎስን በመሰለ ሆስፒታል በአንገት በላይ ክፍል አውታሮቹ በካሜራ መታየት አለባቸው።

ውሃው

ድምፅን የሚመረምር ሰው መዋጥን ሳያይ ከቤት መውጣት የለበትም፤ በአንድ ጉሮሮ ነው የሚያልፉት። በብርጭቆ አይጀመርም። ሰውየው ነቅቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በመጀመሪያ «አ» ይበል፣ ይሳል። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ 5 ሚሊ ሊትር፤ ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ «አ»። ከዋጠ በኋላ ድምፁ ጉርጉር ካለ፣ ውሃ የያዘ ከመሰለ ወይም ካሳለው እዚያው ይቆማል። ካለፈ ብቻ 90 ሚሊ ሊትር ሳያቋርጥ ይጠጣል፣ ለአንድ ደቂቃም ድምፁ ይደመጣል። አለማሳል ዋስትና አይደለም፤ ሳይሳሉ ወደ ሳንባ የሚያስገቡ አሉ። ተደጋጋሚ ትኩሳትና የደረት መታፈን ካለ ማንኪያው ቢያልፍም ሐኪም ማየት አለበት።

ከአዲስ አበባ ዳር ወዳሉ የጸበል ቦታዎች ታማሚ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፤ አትሂዱ ማለት የማንም ሥራ አይደለም። ግን ቀጭን ፈሳሽ ለደከመ ጉሮሮ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ተጋድሞ በጆግ መጠጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋ። መዋጡ እስኪታይ ድረስ መጠመቁ ይበቃል፤ ካህናቱም ሲነገራቸው ይረዳሉ። ወፈር ያለ አጥሚት ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለብዙዎች ይቀላል፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚተርፍባቸውም አሉና እሱም በማንኪያ ተሞክሮ ነው። ከምግብ በኋላ በደከመው ጉንጭ ውስጥ የተረሳ እንጀራ መኖሩን በጣት ማየት አይረሳ።

ሁለት ቋንቋ ያላቸው

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ላይ ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ገበያና ቢሮ አማርኛ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። በአማርኛ ብቻ የተመረመረች እናት «ቃል ጠፍቷታል» ትባላለች፤ በልጅነት ቋንቋዋ ግን ለጎረቤቷ ወጥ አሠራር ታስረዳ ይሆናል። በተቃራኒውም ይሆናል። ሁለቱም ይመዘናሉ፣ ቢቻል በተለያየ ቀን፣ ድካም ሁለተኛውን ቋንቋ እንዳይጎዳ። የሚያስተረጉም ዘመድ አንድ ነገር በደንብ ይነገረው፤ የተባለውን እንደተባለ፣ ከነስህተቱ ይናገር። «ለማለት የፈለገችው...» ከጀመረ ምርመራው የእሱ ሆነ። ይህ ልዩነት ለሌላም ይጠቅማል፤ ጡንቻ ቋንቋ አይመርጥም፣ ስለዚህ በአንዱ ብቻ የሚኮላተፍ ሰው ካለ ዲስአርትሪያ ብቻውን አያስረዳውም።

ወረቀቱ ላይ

ያን «ንግግር፦ ደህና» የሚተካው ረጅም ሪፖርት አይደለም። «ሰላምታ ይመልሳሉ። ከ5 ዕቃ 1 ለይተዋል። አዎና አይደለም አስተማማኝ አይደለም። አጭር ቃል ይደግማሉ፣ አረፍተ ነገር አይደግሙም። ፓፓፓ፣ ታታታ፣ ካካካ ዝግ ያለ፣ እኩል። አ 7 ሰከንድ፣ ስ/ዝ 1.6። በ5 ሚሊ ውሃ ሳል የለም፣ በ90 ሚሊ ድምፅ ጉርጉር ብሏል።» ይህ ሰባት አጭር አረፍተ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፣ ቤተሰቡም መድኃኒት በቃል ብቻ ነግሮ መሄድ እንደማይበቃ ይረዳል።

ቀኑም ይጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታየው ብዙ ይለወጣል፤ በተለይ የአንድ ወገን ጉዳት ያመጣው መኮላተፍ በሳምንታት ውስጥ ሊቀል ይችላል፣ የቋንቋ መሻሻልም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይፈጥንና ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ስለዚህ ያንኑ ትሪ፣ ያንኑ አረፍተ ነገር፣ ስልኩን በዚያው ርቀት አድርጎ እንደገና መመዘን። እየተሻለው የነበረ ሰው በድንገት ቃል ከጠፋው፣ ከተኮላተፈ ወይም አፉ ከጠመመ ግን ትሪው ይቅር፤ ጤነኛ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ሰዓት ይመዝገብ፣ የደም መርጋቱን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነውና፣ ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርዱ ጎረቤቶች ወዲያው ይጠሩ።